ለስላሳው ጎማ

ሰው ጊታር ለመግዛት ወር ሙሉ ሲያማርጥ ይከርማል፤ መቆሚያውን ግን ሒሳብ ሊከፍል ሲል ዓይኑ ያረፈበትን አንስቶ ይወጣል። ቢበዛ እግሮቹን ነቅነቅ አድርጎ ጥንካሬውን ያያል። ክንዶቹ ላይ የተጠለቀውን ጎማማ ሽፋን ዳሰስ አድርጎም «ለስላሳ ነው፣ አይጭረውም» ይላል። ጣጣው ያለው ግን እዚያው ለስላሳው ላይ ነው።

የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ቫርኒሽ በተቀባ ጠረጴዛ ላይ ከርሞ ሲነሳ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፤ ከሥሩ ያለው ቫርኒሽም ወዙን አጥቶ ዥንጉርጉር ሆኖ ይገኛል። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ባለበት አይቀመጥም፤ ቀስ እያለ ወጥቶ የነካው ነገር ውስጥ ይገባል። የብዙ ርካሽ መቆሚያዎች ቪኒልና አንዳንዱ ጎማም ጠባዩ ይኸው ነው።

ይህን ስል ሁላችሁም እንድትደነግጡ አይደለም። ዛሬ በገፍ የሚሸጡት የፋብሪካ ጊታሮች በአብዛኛው ፖሊዩሬቴን ወይም ፖሊስተር የተቀቡ ናቸው። እነዚህ ሲደርቁ በኬሚካል ተሳስረው ስለሚጠነክሩ እንዲህ በቀላሉ አይበገሩም። የናይትሮሴሉሎስ ላከር ግን ሌላ ነው። ናይትሮ የሚደርቀው ማሟሟቻው ስለተነነ ብቻ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቢሞላውም የሚያሟሟው ነገር ካገኘ መልሶ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በመኪና ቀለምነት የገነነ ነገር ሲሆን፣ ጊብሰን አሜሪካ ውስጥ በሚሠራቸው ጊታሮች ላይ ዛሬም ይቀባዋል። ፌንደር በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ፖሊስተር ከመዞሩ በፊት የሠራቸውም አብዛኞቹ ናይትሮ ናቸው። እንግዲህ ከአሜሪካ ዘመድ ጊብሰን ይዞላችሁ ከመጣ፣ መቆሚያውን አስቡበት።

ቀለሙ ናይትሮ መሆን አለመሆኑን ለመለየት አሴቶን ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። እኔ ግን ቀለሙን ለማዳን ብሎ ቀለሙን ማቅለጥ አይዋጥልኝም። የሞዴሉን ስም ይዞ አምራቹ የጻፈውን ማየት ይበቃል።

መቆሚያ ስትገዙ ለናይትሮ እንደማያሰጋ በግልጽ የተጻፈበትን ምረጡ። ካልተገኘ ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ላጡትና ብረቱን ነጭ አቡጀዲ ደራርባችሁ ጠቅልሉት፤ ጨርቁን በክር እሰሩት እንጂ በፕላስተር አታጣብቁት። ከጎማው በላይ ጨርቅ ማልበስም ይረዳል፤ ግን ምንጩ ከሥሩ እንዳለ ነው። አንገቱ የሚደገፍበትን ቦታ ደግሞ አደራ! ሁሉም ሰው ከታች ያሉትን ሁለቱን ክንዶች ሸፍኖ ይረሳዋል፤ ምልክቱ ግን ስትጫወቱ አውራ ጣታችሁ በየቀኑ የሚዳብሰው ላይ ነው የሚወጣው። የግድግዳ መስቀያም ያው ነው። ልጅ የሚሯሯጥበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከኬሚካሉ በፊት እግሩ ሰፋ ያለ መቆሚያ ፈልጉ፤ የተሰበረ አንገት ከደበዘዘ ቀለም ይብሳል።

የቪኒል ማንገቻም ከመቆሚያው አይሻልም፤ ጊታሩን ኬዝ ውስጥ ስትከቱ ፍቱለት።

ምልክቱ አስቀድሞ ወጥቶ ከሆነና ላዩ ብቻ ከደበዘዘ፣ እጁ የተፈታ ባለሙያ በፖሊሽ ሊያስተካክለው ይችላል። ጠልቆ ከገባ፣ በተለይ ጊታሩ አሮጌ ከሆነ፣ እንዳለ ተዉት። በአሮጌ ጊታር ገበያ ዋጋ የሚጥለው ከምልክቱ ይልቅ እንደ አዲስ መቀባቱ ነው።