ከስኳር በፊት ያለ ጣዕም

ሰው የሚጠጣውን ነገር ሁሉ ያጣጥመዋል ማለት አይደለም። መጠጣት የጉሮሮ ሥራ ነው፤ ማጣጣም ግን ልብን ይጠይቃልና ሁለቱ ሳይገናኙ ብዙ ዘመን ሊያልፍ ይችላል። ይህንንም ለመረዳት የመሥሪያ ቤቶቻችንን የሻይ ሰዓት መመልከት ይበቃል። ከጧቱ በ4 ሰዓት ብርጭቆው ይቀርባል፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨመርበታል፤ ማንኪያው መንኳኳቱን ሳያቆም ጨዋታው ይጀመራል። የተጠጣው ምን ምን እንደሚል ቢጠየቅ ግን «ትኩስና ጣፋጭ» ከማለት በቀር የሚመልስ እምብዛም አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው የፍሬ ቃና ስላላቸው የዕፅዋት ሻዮች ነው። በመሠረቱ ሻይ የሚባለው በከፋ በውሽውሽ፥ በኢሉባቦርም በጉመሮ የሚለማው ተክል ቅጠል ነው። ከርከዴ፥ ጠጅ ሣርና ጦስኝ ከዚህ ተክል ጋር ዝምድና የላቸውም፤ እንቅልፍ የሚነሣውም ካፌይን በውስጣቸው የለም። ሻይ መባላቸው ስለ አፈላላቸውና ስለ አቀራረባቸው ነው።

እኛ ባደግንበት በመንዝ ደጋ፥ በቤታችን ጦስኝ የሚፈላው ሳል ሲይዘን ብቻ ነበር። ስለዚህም ሽታው ከትኩሳትና ከጋቢ ጋር ተቆራኝቶ በአእምሯችን ቀረ። ለመድኃኒት የሚሆን ነገር ለደስታም ሊጠጣ እንደሚችል የነገረን አልነበረም።

ይህን አሳብ ያስለወጠን በመሥሪያ ቤታችን የሆነው ነገር ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የሆኑት አዛውንት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሐኪም ከነገራቸው በኋላ ከሻይ ሰዓቱ ማኅበር ቀሩ። ሻይ ያለ ስኳር አይወርድላቸውም ነበር፤ ባዶ እጃቸውን በመካከላችን መቀመጡንም ክብራቸው አልፈቀደላቸውም። ለዓመታት የመሥሪያ ቤቱን የቀድሞ ታሪክ በቀልድ እያዋዙ ሲያጫውቱን የኖሩት ሰው በዚያ ሰዓት ከፋይሎቻቸው ጋር ብቻቸውን መቀመጥ ጀመሩ። ስኳር የከለከላቸው አንድ ማንኪያ ጣፋጭ ብቻ ሳይሆን ወዳጆቻቸውንም ጭምር ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ባልደረባችን ለሥራ ወደ መተማ ወርዶ ሲመለስ አንድ ከረጢት ከርከዴ ይዞ መጣ። ከርከዴ በሱዳንና በግብፅ በሙቅም በቀዝቃዛም የሚጠጣ የታወቀ መጠጥ ነው። የሚፈላውም አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ቀይ ሽፋን ነው። ኮምጣጣ ነገር አሉሚኒየምን ይበላልና በሸክላ ቅብ ማንቆርቆሪያ አፍልተን፥ ጥቂት የብርቱካን ልጣጭና ቀረፋ ጨምረን፥ ሽታው እንዳያመልጥ ከድነን አሥር ደቂቃ ቆየን። ስኳር አላቀረብንም።

የመጀመሪያው ጉንጭ መንጋጋን ይዞ ፊትን ያስጨማድዳል፤ ቀጥሎ በደንብ ያልበሰለ እንጆሪ የመሰለ ቃና ይመጣል፤ ከተዋጠ በኋላም ከብርቱካኑ ሽታ ጋር ለስላሳ ነገር በምላስ ላይ ይቀራል። አዛውንቱ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ቀለሙን አዩ፤ ቀመሱ፤ ዝም አሉ፤ ደግመው ቀመሱና «ይህስ የሚያነጋግር ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ አያውቅም።

እኛም ሌሎቹን መፈተን ጀመርን። ጠጅ ሣር ሎሚ ሳይገባበት ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ምክንያቱም በሎሚ ልጣጭ ያለው ሲትራል የተባለ ንጥረ ነገር በቅጠሉ ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ ነው። የደጋችን ጦስኝ ደግሞ በሳይንስ ስሙ «ሺምፐሪ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ በ1878 በዓድዋ ካረፈው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከሺምፐር ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ጎንበስ ብሎ የመረመረውን ቅጠል እኛ ረግጠነው ስናልፍ መኖራችን ያሳስባል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ቢቻል በቀን ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል መክሯል። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ይይዛልና ሦስት ሦስት ማንኪያ ያለባቸው ሁለት ብርጭቆዎች ብቻ 24 ግራም ይሆናሉ። ይህን ስንል ከርከዴ የስኳር በሽታን ያድናል ማለታችን አይደለም። እንዲያውም የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ቢያማክር መልካም ነው።

ቡና ሲቆላ ጢሱን ለእያንዳንዱ እንግዳ የምናዞር ሕዝብ ነንና ማሽተትን ሌላ እንዲያስተምረን አያስፈልግም። ለቡናችን የሰጠነውን ትዕግሥት ለቅጠሎቻችንም ብንሰጥ ይበቃል። ከድኖ መጠበቅ፥ ማሽተት፥ ከዚያም መቅመስ ነው። ስኳሩ ከብርጭቆው ጎን ይቀመጥ፤ ከመጀመሪያው ጉንጭ በኋላ የፈለገ ይጨምር።