ግማሽ ፈገግታ

የናይሮቢ ብርድ በገባበት በሰኔ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የክፍላችን ልጅ አፏን በሻርፕ ሸፍና መጣች። ስንቀልድ አልሳቀችም። «ዛሬ ደግሞ ምን አኮራሽ?» አልናት። በምሳ ሰዓት ሻርፑን ስታወርድ የአፏ ግራ ጎን ወርዷል፤ የጠጣችው ውሃም በዚያው በኩል ፈሰሰ። አንዳንዶቻችን ሳቅን። ሌሎቻችን «ምች መትቷት ነው» አልን። በማግስቱ ቀረች።

በዚያው ሳምንት የሳይንስ መምህራችን መስታወት ይዘው ገቡ። እየተቀባበልን ግንባራችንን አኮማተርን፣ ጉንጫችንን ነፋን። የክንድ ጡንቻ አጥንትን ከአጥንት ያያይዛል፤ አብዛኞቹ የፊት ጡንቻዎች ግን አንድ ጫፋቸው አጥንት ላይ፣ ሌላው ቆዳ ላይ ነው። ስለዚህ ጡንቻው ሲኮማተር ቆዳው አብሮ ይሳባል። ከጉንጭ አጥንት ወደ አፍ ጥግ የሚወርደው ጡንቻ ከንፈራችንን ወደ ላይ ይስባል። ዓይንን የከበበው ጡንቻ ደግሞ ዓይንን ይከድናል፤ ስንስቅም የዓይናችንን ጥግ ያጣጥፋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አፍ ታዞ ፈገግ ሊል እንደሚችል፣ የዓይኑ ጡንቻ ግን የእውነተኛ ደስታ ምልክት እንደሆነ ጽፏል።

እነዚህን ጡንቻዎች የሚያዝዘው በየጎኑ አንድ ነርቭ ነው። ነርቩ በጆሮ አጠገብ በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ውስጥ ካበጠ የዚያ ጎን ፊት ይዝላል። ዓይን አይከደንም፣ ጉንጭ አይነሳም። አብዛኞቹ ታማሚዎች በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናሉ።

«ታዲያ ኮርታ አልነበረማ!» አለ ከኋላ አንዱ። ማንም አልሳቀም።

ስትመለስ ይቅርታ ጠየቅናት። ሌሊት ዓይኗን በፕላስተር ዘግታ እንደምትተኛ፣ ቀን ጠብታ እንደምትጨምርበት ነገረችን። የከበዳት ግን ይህ አልነበረም። «ውስጤ እየሳቀ፣ እናንተ የተቆጣሁ መሰላችሁ» አለችን። ከዚያ ወዲህ ፊቷን አይተን አንፈርድም፤ እንጠይቃታለን። እርስ በርሳችንም መጠየቅ ጀምረናል።

የክፍላችን ፎቶ ሲነሳ ገና ሙሉ በሙሉ አልዳነችም ነበር። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ!» ሲል ከመጨረሻው ረድፍ ወጥታ መሃላችን ቆመች። ይህን እንድንጽፍ የፈቀደችልንም እርሷው ናት። ፎቶውን ስታዩ አፏን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ቀኝ ዓይኗን እዩ፤ ጥጉ ተጣጥፏል።