የማሳችን ማሾና የህንድ ወጥ

የዛሬው ጽሑፋችን ከማዕድ ቤት የመጣ ነው። በራያ ቆላ፣ በቆቦ ከተማ የምንኖር ቤተሰብ ነን። በቅርብ ዓመታት የህንድ አገር ምግብ፣ ያውም ለጤና ተብሎ በትንሽ ዘይትና በትንሽ ጨው የሚዘጋጀውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤታችን ሠርተን በላን። ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በዚያ ድስት ዙሪያ ጌታ ስለ ሰውነታችን፣ ስለ ጎረቤቶቻችንና ስለ ምስጋና ያሳየንን ለእናንተ ማካፈል ወደድን።

ምክንያቱ ሕመም ነበር። የራያ ሰው እንግዳ ተቀባይ መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አገልጋይ ሊጠይቅ ወደ ቤት ሲገባ ቅቤው ይቀልጣል፣ ወጡ ይደምቃል፣ «በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ» እየተባለ ጉርሻው ይደጋገማል። ይህ ፍቅር ነው፤ ፍቅርን መናቅ ደግሞ አይገባም። ነገር ግን ዕድሜ ከ50 ሲያልፍ ሰውነት የራሱን ሒሳብ ይጠይቃል። የደም ግፊት በቤታችን ገባ። የጤና ባለሙያዋ መድኃኒቱን ከሰጠችን በኋላ በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፈችልን፦ ጨው ቀንሱ፣ ቅባት ቀንሱ፣ ጥራጥሬና አትክልት አብዙ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚበላው ጨው ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። ከርሷ ይህን ሰምተን ወደ ቤት ስንመለስ የቤታችን እመቤት፣ «ታዲያ ወጡ በምን ይጣፍጣል?» አለች።

መልሱን ያመጣችው ልጃችን ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትማር ህንዳዊ መምህሯ ተማሪዎቹን ቤቱ ጋብዞ ነበር። እርሱና ሚስቱ ከኬረላ የመጡ ክርስቲያኖች ናቸው። የቀረበው የማሾ ወጥና ቂጣ ስለ ጣማት አሠራሩን ከሚስትየዋ ጠይቃ በደብተር ጽፋ መጣች። በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው የህንድ አስተማሪ እንግዳ አይደለም። በንጉሡ ዘመንም ከዚያም በኋላ በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ህንዶች ብዙ ነበሩ። ሒሳቡን ከእነርሱ ተምረን ምግባቸውን ሳንቀምስ ቀረን።

ደብተሩን ስናነብ የገረመን እንግዳ ነገር ማጣታችን ነው። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ይላል። ይህ ሁሉ በቆቦ ገበያ አለ። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ እየጠጣ የሚበቅል ነው። መጽሐፈ አስቴር ገና ሲጀምር ህንድንና ኢትዮጵያን አብሮ ያነሣል፤ የንጉሡ ግዛት 127 አገር ሲሆን ዳርና ዳሩ እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። በእርግጥ «ኩሽ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር የሚያመለክት ነው። ቢሆንም የዳሩን ሁለት ጫፎች በአንድ ድስት ማየታችን ፈገግ አሰኘን።

ከሁሉ የደነቀን የማሾው ነገር ነው። ማሾ በራያ ቆላ ይዘራል። ከ60 እስከ 75 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚደርስ ዝናብ ለሚያጥርበት አገር ይስማማል። ገበሬው ግን በአብዛኛው የሚዘራው ለመሸጥ ነው። ነጋዴ ይሰበስበዋል፣ በጆንያ ተጭኖ ይሄዳል፣ ባሕር ተሻግሮ ህንድና ሌሎች የእስያ አገሮች ይደርሳል። ማሾ መጀመሪያ የለማው በህንድ ምድር እንደ ሆነ የዕፅዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። የእኛ ማሽላ ደግሞ የትውልድ ስፍራው ይህ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ ነው፤ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ወደ ህንድ ተሻግሮ እስከ ዛሬ «ጆዋር» ይሉታል። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ አቡክተው፣ ያለ እርሾ በምጣድ ጋግረው ይበሉታል። የእኛው የማሽላ ቂጣ ነው! ጌታ የሰጠንን እነርሱ ይበላሉ፣ ለእነርሱ የሰጠውን እኛ እንዘራለን። ከደጃችን የወጣውን እህል ለመቅመስ ግን ከኬረላ የመጣ ደብተር አስፈለገን።

አሠራሩን ለምትጠይቁን እነሆ። ሁለት ኩባያ ማሾ ተለቅሞና ታጥቦ ሌሊቱን በውሃ ይዘፈዘፋል። በማግስቱ በንጹሕ ውሃ፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ከተፈጨ ዝንጅብል ጋር ይቀቀላል። ለስልሶ ሲፈርስ በማማሰያ መታ መታ ይደረጋል። እዚህ ላይ ከእኛ ወጥ ጋር ልዩነቱ ይታያል። እኛ በቁሌት እንጀምራለን፤ ሽንኩርቱ ብዙ ዘይት ጠጥቶ ከዚያ ወጡ ይከተላል። እነርሱ በቁሌት ይጨርሳሉ። በሌላ መጥበሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይሞቅና ከሙኑ ጠብ ይደረግበታል። ሲንጣጣና ሲሸት ነጭ ሽንኩርት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም ይገባል፣ በመጨረሻ የተፈጨ ድንብላል ይነሰነሳል። ይህ «ታድካ» የሚሉት ነው። ትኩሱን በማሾው ላይ ገልብጦ ወዲያው መክደን ነው። ዘይቱ ጥቂት ቢሆንም መጨረሻ ስለሚገባ ሽታው አይጠፋም። ጨው ቁንጥር ይበቃል፤ ሲወርድ ሎሚ ከተጨመቀበት ጨው ማነሱ አይታወቅም። የህንድ ምግብ ሁሉ ለጤና ይሆናል ማለታችን ግን አይደለም። እነርሱም የነጠረ ቅቤ ይወዳሉ፤ በየመንገዱ የምንበላው ሳምቡሳም የእነርሱ ሳሞሳ ዘመድ ነው፣ በዘይት የተጠበሰ።

ልጆቹ መጀመሪያ በጥርጣሬ ዐዩት፤ «በርበሬው የት አለ?» አሉ። በሁለተኛው ቀን ድስቱን ጠርገው በሉ።

በቤተ ክርስቲያን ወሬው ሲሰማ አንድ ታማኝ ሽማግሌ ለብቻችን ጠየቁን፦ «ህንድ ብዙ ጣዖት የሚመለክበት አገር አይደለም ወይ? ምግባቸው ከዚያ ጋር አይነካካም?» ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነውና በክብር መለስን። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በገበያ የሚሸጠውን ስለ ሕሊና ሳይመረምሩ እንዲበሉ የፈቀደው ምድርና በእርስዋ ያለው ሁሉ የጌታ ስለ ሆነ ነው። የከለከለው በጣዖት ማዕድ መካፈልን ነው። የእኛ ማሾ ደግሞ በራያ ምድር የበቀለ፣ በኢየሱስ ስም የተመሰገነበት ነው። ህንድም የወንጌል አገር ናት። የኬረላ ክርስቲያኖች ወንጌልን ያመጣልን ሐዋርያው ቶማስ ነው ብለው ከጥንት ጀምሮ ይተርካሉ። ልጃችንም በመምህሯ ቤት ከመብላቷ በፊት የሰማችው በማታውቀው ቋንቋ የቀረበ የምስጋና ጸሎት ነበር።

ሌሎች ወገኖች ደግሞ ዳንኤልን አነሡልን። ዳንኤልና ባልንጀሮቹ 10 ቀን ጥራጥሬ በልተው ውሃ ጠጥተው ፊታቸው ያማረ ሆኖ ታየ። ጥራጥሬ ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል «ዘራ» ከሚለው ግስ ጋር የሚዛመድ ሲሆን ከዘር የሚበቅለውን ምግብ ሁሉ ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን ዳንኤል የንጉሡን ማዕድ የተወው ለጤና ብሎ አልነበረም፤ ለአምላኩ ተለይቶ ለመኖር ነበር። ስለዚህ ማሾ ስለበላን ከሌላው የበለጠ መንፈሳዊ አንሆንም፤ ሥጋና ቅቤ የሚበላ ወንድማችንም አያንስም። ምግብ ወደ እግዚአብሔር አያቀርበንም። የተሰጠንን ሰውነት መጠበቅ ግን የእምነት አንዱ ክፍል ነው፤ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ የተባለው ይኸው የሚታመመውና የሚያረጀው ሰውነታችን ነውና።

አንድ የቆቦ አዛውንት ይህን ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ እኛ ጠግቦ ማደርን ነበር ጤና የምንለው» አሉን። ዝም ብለን ሰማናቸው። የ1966ንና የ1977ን ረኃብ ያዩ ሰው ናቸው። ወሎ እህል ባጣበት ዘመን ያደገ ሰው ፊት «ይህን ልተወው፣ ያን ልቀንስ» ማለት እንደ ቅንጦት ሊሰማ ይችላል። ሆኖም ቀርበን ስናየው ማሾ የባለጠጋ ምግብ አይደለም። ቅቤና ሥጋ ለማይደርስበት ቤት ማሾና ማሽላ ይደርሳል። አዛውንቱንም ጠርተን አቀረብንላቸው። ከበሉ በኋላ፣ «ይሄማ የድሃ ሲሳይ ነው» ብለው መረቁን።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በጥቂት ቀናት ልዩነት ተጀመሩ። በግራችን ያሉት ጎረቤት ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በቀኛችን ያሉት እማማ ሙስሊም ናቸው። በሐዘንም በደስታም አብረን ነን፤ ውሃም እሳትም እንዋዋሳለን። ማዕድ ላይ ግን ድንበር አለ። የሥጋው አራራድ ከእማማ ይለየናል፤ ቅቤው በጾም ወራት ከእነ እትዬ ይለየናል፤ «ጴንጤ ቤት» የሚለው ስምም አንዳንዱን ሰው ከደጅ ይመልሳል። በዓል ሲመጣ ለየብቻ እንበላለን።

ያን ጊዜ የቤታችን እመቤት ገበያ ወርዳ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛች። ሥጋም ቅቤም ነክቶት የማያውቅ ድስት። ማሾውን በእርሱ ሠርታ፣ የማሽላ ቂጣ ጋግራ፣ አንድ ቀን ምሽት ሁለቱንም ጠራቻቸው። እትዬ በሩ ላይ ቆመው፣ «የጾም ነው አይደል?» አሉ። ድስቱን አሳየናቸው። እማማ የመግሪብ አዛን ሲሰማ በተምር ጾማቸውን ፈቱ። ከዚያ ሁላችንም ቀረብን። እማማ «ቢስሚላህ» አሉ፣ እትዬ አማተቡ፣ እኛም በኢየሱስ ስም ባረክን። በስንት ዓመት ጉርብትና አብረን የበላነው የመጀመሪያው ትኩስ ወጥ እርሱ ነበር። እማማ ቀምሰው፣ «ልጄ፣ ይሄ የኛው ማሾ ነው? ስንሸጠው ነው እኮ የኖርነው!» አሉ። ሲወጡ ደግሞ ወደ ድስቱ እያመለከቱ፣ «ይህን ለኛ ብላችሁ ገዛችሁት?» ብለው ጠየቁ። የቤታችን እመቤትም፣ «አዎ እማማ። ጌታችን ከሁሉ ጋር ይበላ ስለነበር ነው» አለች። ከዚያ በላይ በዚያ ምሽት አልተናገርንም።

ወገኖች ሆይ፣ በገላትያ መልእክት ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ እንደ ተለየ እናነባለን። ጳውሎስ ይህን የምግብ ጉዳይ ብቻ አድርጎ አላለፈውም፤ ከወንጌል እውነት ጋር አገናኝቶ ፊት ለፊት ተቃወመው። በእርግጥ አንጾኪያ ላይ የተለያዩት በአንድ ጌታ ያመኑ ናቸው፤ የእኛና የጎረቤቶቻችን ነገር ከዚያ ይለያል፣ በእምነታችንም አንድ ነን አንልም። ቢሆንም አብሮ መቀመጥ በጌታ ዘንድ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ከዚያ እንማራለን። ሰው ወንጌልን ለመስማት መጀመሪያ ቤታችን መግባት መቻል አለበት። ቤታችን ለመግባት ደግሞ ሳይፈራ የሚበላው ነገር ማግኘት አለበት። አንድ አዲስ ድስት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለታመሙ ወገኖች አንድ ቃል እንጨምር። ምግብ ስለቀየራችሁ ወይም ስለተጸለየላችሁ የግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ። በቤታችን መድኃኒቱ ዛሬም ይዋጣል፤ ጸሎቱም አልቆመም። ልካችሁን ተለክታችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። ለጋባዦችም፦ አገልጋይ ወይም ሕመምተኛ ቤታችሁ ሲመጣ «በሞቴ» ከማለታችሁ በፊት «ምን ይስማማዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህም ፍቅር ነው።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ማሾን ከህንድ ወደ እኛ፣ ማሽላን ከእኛ ወደ ህንድ ያሻገርህ አንተ ነህ። በደጃችን ያለውን ስጦታህን የምናይበት ዓይን ስጠን። የታመሙትን ዳስስ፣ የሚያክሙንንም ባርክ። ማዕዳችን ጎረቤት የሚቀርብበት ይሁን። ልጅህ በመካከላችን ተቀምጦ ይታይ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።