ስለ ተረከዝ ሕመም

ሌሊቱን በሰላም ተኝቶ ያደረ ሰው፤ ጧት ከአልጋው ወርዶ የመጀመሪያውን እርምጃ ሲረግጥ ተረከዙን እንደ ምስማር የሚወጋ ሕመም አለ። ጥቂት ሲራመድ ይቀልለታል፤ ብዙ ሲቆም ግን ይመለስበታል። ይህ ደዌ አይገድልምና ብዙ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን ከሥራም፤ ከቤተ ክርስቲያንም፤ ከለቅሶም የሚያስቀር ነውና ሊናቅ አይገባውም።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ሕመሙም የያዘኝ ዕድሜዬ አርባ ካለፈ በኋላ ነው። መዝገብ ስጽፍ ብዙ ሰዓት እቀመጣለሁ፤ ዳኞች ሲገቡ ግን ፈጥኜ መነሣት አለብኝና ያን ጊዜ ተረከዜ እንደ ጧቱ ይወጋኛል። መንዝ ሄጄ ይህን ባጫውታቸው አጎቴ «ብርድ ነው፤ ዋግምት ታገም» አሉኝ፤ አክስቴም «በጋለ ብረት ይተኰስ» አሉ። እኔ ግን ከቄስ ትምህርት ቤት ትዕግሥትን፤ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ምክንያትን መጠየቅን ተምሬአለሁና ወደ ሐኪም ሄድሁ።

ሐኪሙም እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚደርስ ሰፊና ጠንካራ ጅማት አለ። ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን የተመለከተ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ የእግር አጥንቶች እንደ ደጋኑ እንጨት ጐብጠው ይቆማሉ፤ ጅማቱም እንደ አውታሩ ከታች ወጥሮ ይይዛቸዋል። ብዙ በመቆም፤ በውፍረት፤ በሳሳ ጫማ፤ ወይም ባት በመጠንከሩ አውታሩ ከልክ በላይ ሲሳብ በተረከዝ በኩል ይጐዳል። ሌሊት ሲያርፍ ይኰማተራል፤ ጧት በድንገት ሲረገጥ ያማል። እንግዲህ ጥፋቱ የብርዱ አይደለም። ሕመሙ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ይበዛል። በራጅ የሚታየው የአጥንት ሾህም ምንም በማያማቸው ሰዎች ላይ ይገኛልና ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እርሱ አይደለም።

የመንዝ፤ የግሼና የመርሐ ቤቴ አገር ዳገትና ቍልቍለት ነው፤ ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ የሚመለስ ሰው ባቱ እንዴት እንደሚወጠር ያውቃል። በባዶ እግር መሄድ ብቻውን ግን በሽታ አይደለም። በደብረ ብርሃን አካባቢ በጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል። የርሱ እግር ከልጅነቱ የለመደ ነበር፤ ቀኑን በወንበር፤ ቀሪውን በሲሚንቶ ላይ የሚያሳልፍ ሰው እግር ግን እንደዚያ አይደለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ጧት ከመርገጥ በፊት በአልጋ ላይ ተቀምጦ የታመመውን እግር በጉልበት ላይ ማስቀመጥ፤ ጣቶቹንም በእጅ ወደ ቅልጥም ስቦ እስከ 10 እየቈጠሩ 10 ጊዜ መደጋገም ነው። ቀጥሎ እጅን በግድግዳ ላይ አድርጎ፤ የኋላውን እግር ሳያጥፉ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሡ ባትን 30 ሰኮንድ ማሳሳብ ነው። ማታ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ በውስጥ እግር ማንከባለል ይጠቅማል፤ ለዚህ የመንዝ ብርድ ውኃውን በነጻ ያቀዘቅዝልናል። ጫማ ተረከዙ ወፈር ያለና ለስላሳ ይሁን፤ ብዙ መቆም የግድ ሲሆን የታጠፈ ባና ከእግር በታች ይነጠፍ። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ጨጓራንና ኵላሊትን ሊጐዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር አይዘውተር። መርፌም ለጊዜው ያስታግሣል፤ ሲደጋገም ግን ጅማቱን ሊበጥሰው ይችላል። እግሩ የደነዘዘ፤ ያበጠ፤ ትኵሳት የያዘው፤ ወይም ተኝቶም የሚያመው ሰው ሳይዘገይ ይመርመር።

እኔ ይህን በየቀኑ ሳደርግ በስምንተኛው ወር ሕመሙ ለቀቀኝ። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ዓመት ውስጥ ይድናል።

የቤት አባቶችና እመቤቶች ሆይ፤ ጧት ለመነሣት የሚያመነታውን ሽማግሌ ወይም ሠራተኛ ሰነፍ አትበሉት፤ ተረከዙን ጠይቁት። በመሥሪያ ቤት የተሾማችሁም፤ ደጃችሁን ለሚጠና ባለጉዳይ አንድ አግዳሚ ወንበር አኑሩለት። ቆሞ የሚውለው ሰው አቤቱታውን እንጂ ሕመሙን አይነግራችሁምና።