ልጄ የተሸነፈበት ዓመት

ልጅ ሲያሸንፍ ማመስገን ለማንኛውም ወላጅ ቀላል ነገር ነው። ልጅ ሲሸነፍ ግን ምን መናገር፥ ከምንስ ዝም ማለት እንደሚገባ ማወቅ ብዙ ትምህርት የሚጠይቅ ሥራ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ፥ በአሜሪካ አገር፥ በአንድ ኮሌጅ የጨዋታ ሜዳ ዳር ተቀምጬ ነው። የደረሰብኝም ነገር ለሌሎች ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልናገር። አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት እኛ በአገራችን የምናውቀውን ጨዋታ አይደለም። ኳሱ በሁለት ወገን የሾለ ነው፤ የሚያዘውም ይልቁንም በእጅ ነው። ከየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን የያዘው ወገን በ4 ሙከራ 10 ያርድ ወደ ፊት መሄድ ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። ኳሱን ይዞ ከመጨረሻው መሥመር የደረሰም 6 ነጥብ ያገኛል። ልጄ ከተከላካዮቹ መካከል ከፊት የሚሰለፍ ስለ ሆነ፥ ሥራው በሰው ላይ መውደቅ፥ ሰውም ሲወድቅበት መነሣት ነው። እናት ይህን እያየች እንዴት እንደምትቀመጥ የወለደ ያውቀዋል።

ልጄን በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ኮሌጁ የጠሩት አሠልጣኝ እርሱ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ከሥራቸው ተሰናበቱና በምትካቸው ሌላ ሰው መጡ። አዲሱ አሠልጣኝ የጨዋታውን ሥርዓት ከሥሩ ለወጡት፤ ልምምዱም ጎሕ ሳይቀድ እንዲጀመር አዘዙ። ከቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሄዱ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ ተጫዋች ኮሌጁን ሲለውጥ እንደ ቀድሞው አንድ ዓመት ሳይጫወት መቆየት ግድ ስላልሆነበት፥ አሠልጣኝ ሲለወጥ ቡድን መበተኑ የተለመደ ነገር ሆኗል። ልጄ ግን ቀረ።

በዚያ ዓመት ከተደረገው 12 ጨዋታ ያሸነፉት 2፥ የተሸነፉት 10 ነበር። በመጀመሪያው ሽንፈት ጊዜ «ገና ነው» አልሁ። በሦስተኛው ዳኞቹን ወቀስሁ። በስድስተኛው አሠልጣኙን ጠላሁ። ከዚህም በኋላ ልጄን ከተሰላፊዎቹ አውጥተው ከተጠባባቂዎቹ ጋር ባስቀመጡት ጊዜ ቍጣዬ ከልክ አለፈ። ባለቤቴ «ልጁ አድጓል፤ ነገሩን ለራሱ ተይለት» ቢለኝም አልሰማሁትም። ለልጄ ሳልነግር ለአሠልጣኙ ስልክ ደወልሁ።

እኒያ ሰው ንግግሬን እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ሳያነሡ «ምክንያቱን ልጅዎ ያውቀዋል፤ ከእርሱ ቢሰሙት ይሻላል» ብለው ብቻ መለሱልኝ።

ልጄ መደወሌን በሰማ ጊዜ ፊቱ በኀፍረት ተለወጠ። ለብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እማዬ፥ ትከሻዬ ተጎድቷል» አለኝ። «አንቺ እንዳትሰጊ፥ ቦታዬንም እንዳላጣ ብዬ ሁለት ጨዋታ ሕመሙን ደብቄ ተጫወትሁ። አሠልጣኙ አዩና አስቀመጡኝ። ለአንድ ጨዋታ ብለህ ዕድሜ ልክህን የምትሠራበትን ክንድ አትስጥ አሉኝ።» ይህን ተናግሮ ወደ መኝታው ገባ፤ ከዚያም በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ በቀር አላነጋገረኝም። እኔ የተቈጣሁት ልጄን በጠበቀልኝ ሰው ላይ ነበርና፥ ዝምታው ተገቢ ፍርድ ሆኖ ታየኝ።

በሜዳው ዳር ዘወትር ቅዳሜ ከአጠገቤ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ኀዘኔን ባዩ ጊዜ የቀድሞ ዘመን ወሬ ያወጉኝ ጀመር። በ1954 ዓ.ም. ፖል ብራያንት የሚባሉት አሠልጣኝ ወደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አዲስ ሆነው በመጡ ጊዜ፥ ተጫዋቾቹን ጀንክሽን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወስደው በድርቅና በጽኑ ሙቀት፥ ውሃ እንኳ እየከለከሉ አለማመዷቸው። ብዙዎቹ ልምምዱን ጥለው ሄዱ። በዚያ ዓመት ያሸነፉት 1 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ 9ኙን ተሸነፉ። በ1956 ዓ.ም. ግን ያው ቡድን 9 አሸንፎ፥ 1 እኩል ወጥቶ፥ አንድም ሳይሸነፍ የደቡብ ምዕራብ ኮሌጆች ማኅበር አንደኛ ሆነ።

ይህን የሚተርኩ ብዙ ሰዎች ጭካኔውን የድሉ እናት አድርገው ያወድሱታል። እኔ ግን አልተቀበልሁትም። በሙቀት የሚደክምን ሰው ውሃ መከልከል ነፍስ ሊያጠፋ እንደሚችል ዛሬ የታወቀ ነገር ነው።

ልቤን ያሳረፈው ሽማግሌው ያወጉኝ ሁለተኛው ወሬ ነው። ፍራንክ ቢመር በ1987 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ቴክ ሥራ ሲጀምሩ 2 አሸንፈው 9 ተሸነፉ። በስድስተኛውም ዓመት፥ በ1992 ዓ.ም.፥ ያሸነፉት 2 ብቻ ነበር። ኮሌጁ ግን አላሰናበታቸውም። ከ1993 ዓ.ም. አንሥቶ ሥራቸውን እስከ ተዉበት እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ፥ ለተመረጡ ቡድኖች በዓመቱ መጨረሻ ወደሚደረገው ጨዋታ ቡድናቸው ያልደረሰበት ዓመት የለም። የተሸነፈ አሠልጣኝ ሁሉ ኋላ ያሸንፋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ እኔ በስድስት ጨዋታ የፈረድሁትን ያ ኮሌጅ በስድስት ዓመት አልፈረደም።

የመጨረሻው ጨዋታ በዝናብ ተደረገ። ልጄ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሜዳው ዳር ቆሞ፥ በደኅናው እጁ ለባልንጀሮቹ ውሃ ያቀብል ነበር። ተሸነፉ። ጨዋታው ሲያበቃ አሠልጣኙ በመውጫው በር ቆመው የተጫዋቾቹን እጅ አንድ በአንድ ጨበጡ። እኔም ሁሉም እስኪያልፍ ቆይቼ ቀረብሁና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እናት ባትደውል ይደንቀኝ ነበር» ብለው ፈገግ አሉ። ልጄ ይህን ከሩቅ ያይ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ «እንግዲህ አንተም ወደ ሌላ ኮሌጅ ትሄዳለህን?» ብዬ ጠየቅሁት። «ክንዴን ከጨዋታው አስበልጦ ያየልኝን ሰው ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?» አለኝ፤ ከመንገድም ዳቦ ገዝተን እየተጨዋወትን ገባን።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሲሸነፍ ተጠያቂውን ከመፈለጋችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት። ምናልባት ከእናንተ የሰወረው ሕመም ይኖር ይሆናል። አዲሱ የጨዋታ ዘመን ሊጀመር ነው፤ ያሸንፉ ወይም ይሸነፉ እንደ ሆነ አላውቅም። ቅዳሜ ማታ ስደውልለት ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ትከሻው ነው፤ ነጥቡን እርሱ ራሱ ይነግረኛል።