ልጆቻችን የሚጫወቱት ፊፋ፦ ያኔና ዛሬ

ከሥራ ስትመለሱ ቦርሳችሁን እንኳ ሳታስቀምጡ «ይህን ነገር አጥፉና ደብተራችሁን ያዙ!» እያላችሁ የምትጮኹ እናቶች፣ የዛሬው ጨዋታዬ ከእናንተ ጋር ነው። እኔም ከእናንተ አንዷ ነኝና። የ12 ዓመት ወንድ ልጅና የ10 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ሁለቱም በቴሌቪዥን ላይ የሚጫወቱት የእግር ኳስ ጨዋታ አለ፤ ፊፋ ይሉታል። በእናንተም ቤት ባይኖር፣ በሰፈራችሁ ፕሌይ ስቴሽን ቤት በኩል ስታልፉ ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ልጄ መጣና «እማዬ፣ አሜሪካ ላለው አጎቴ ደውይለትና የ20 ዶላር ካርድ ይላክልኝ» አለኝ።

«የምን ካርድ?»

«ፓክ መክፈቻ።»

«ፓኩ ውስጥ ምን አለ?»

«ተጫዋች ነዋ!»

«ማን የሚባል ተጫዋች?» ብዬ ብጠይቀው ጥቂት አሰበና «እሱማ ካልተከፈተ አይታወቅም» አለኝ።

እኔ ሽንኩርት ስገዛ እንኳ ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ ሳላይ አልከፍልም። ምን እንዳለበት በማይታወቅ ነገር 20 ዶላር! ተናደድኩ። ማሽኑን ከነገመዱ ነቅዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ልጁ አኮረፈ። ይህንንስ ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት የትንሿን ነው። እንባዋ እየወረደ «ካርድ የጠየቀሽ እሱ ነው፤ እኔ ምን አደረግኩ? እኔ የምጫወተው በሴቶቹ ነው» አለችኝ።

የትኞቹ ሴቶች? አላውቅም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሜ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ፣ ልጆቼ በየቀኑ ምን እንደሚያዩበት አንድም ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አላየሁም። ሳላውቀው ፈረድኩበት ማለት ነው።

ለነገሩ ከፊፋ ጋር የምንተዋወቀው ዛሬ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. እኔ የ15 ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ በቀጥታ የሚገባው ሰፈራችን ካለው ፕሌይ ስቴሽን ቤት ነበር። አመሻሹ ላይ እናቴ «ሂጂና ወንድምሽን ጥሪው» ትለኛለች። ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። ቤቱ ጠባብና ጨለም ያለ ነው፤ ወንዶች ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ይጫወታሉ፤ የቀሩት ተራ ይጠብቃሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ። ሒሳቡን የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ወንድሜ «ይህቺን ልጨርስ» ይለኛል፤ እኔም ቆሜ አያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ አንዳንድ ቀን እኔም ቶሎ እንዲጨርስ አልፈልግም ነበር። ያም ሆኖ አንድም ቀን «ነይ፣ አንቺም ሞክሪ» ያለኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ለሴት ልጅ የተፈቀደው በሩ ድረስ ነበር።

ማሽኑ በተቆለፈ በሁለተኛው እሑድ ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ወንድሜ አድጎ ሥራ ከያዘ በኋላ የገዛው አሮጌው ፕሌይ ስቴሽን 2 አልጋ ሥር በካርቶን እንደተቀመጠ ነበር። አቧራውን ጠርገን፣ ባለ ሦስት ቀለሙን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዝንና «ፊፋ 2005» ተብሎ በእጅ የተጻፈበትን ሲዲ ከተትን። ሠራ! ልጆቼ በሳቅ ፈረሱ። «የሰውዬው ፊት እንደ ሳጥን ነው!» አለች ትንሿ። ልጄ ደግሞ ቴሪ ሄንሪን በአርሰናል፣ ሮናልዲኞን በባርሴሎና ማልያ ሲያይ የታሪክ መጽሐፍ የከፈተ መሰለው። ጥቂት ቆይታ ልጄ «እማዬ፣ የሴቶቹ ቡድን የት ነው?» አለችኝ። ሁሉንም ፈለግን። አንድም ሴት አልነበረችም።

በማግስቱ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። አዲሱን ጨዋታም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆቼ መሐል ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ከዚህ በታች የማወጋችሁ ሁለቱን አስተያይቼ፣ ያልገባኝንም አንብቤ የተረዳሁትን ነው።

የዚህ ጨዋታ የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ላይ ነው። አዘጋጁ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በዚያ እትም የሚጫወቱት ብሔራዊ ቡድኖች ብቻ ሲሆኑ የተጫዋቾቹ ስም የፈጠራ ነበር። በረኛው ኳሷን ሊለጋ ሲል ፊቱ ቆሞ በመጋረድ ጎል ማግባት፣ ካርድ ሊሰጥ የሚመጣውንም ዳኛ ሮጦ ማምለጥ ይቻል ነበር። የእውነተኛ ተጫዋቾች ስም የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ፊፋ 96 ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አዲስ እትም ሲወጣ፣ ሥዕሉም እየጠራ፣ የተጫዋቹም ሩጫ የእውነተኛውን ሰው እየመሰለ ሄደ። «ፊፋ» የሚለውን ስም የያዘው የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ፊፋ 23 ነው። ኩባንያውና የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ስለተለያዩ ከ2023 ጀምሮ ጨዋታው «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ይባላል። እኛ ቤት ያለው የዚህ የመጀመሪያው፣ ኤፍሲ 24 የሚባለው ነው። ልጆቹ ግን ዛሬም ፊፋ ነው የሚሉት።

ለመሆኑ ሴቶች ወደዚህ ሜዳ የገቡት መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ2015፣ በፊፋ 16 ነው። ጨዋታው ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ያኔም የገቡት 12 ብሔራዊ ቡድኖች ብቻ ነበሩ። በፊፋ 23 የእንግሊዝና የፈረንሣይ የሴቶች ክለቦች ተጨመሩ፤ አውስትራሊያዊቷ ሳም ከርም ከኪሊያን ምባፔ ጎን ሆና በሽፋኑ ላይ ወጣች። በኤፍሲ 24 ደግሞ ልጆቹ በሚያደራጁት የራሳቸው ቡድን ውስጥ ሴትና ወንድ አንድ ላይ ይሰለፋሉ። የምባፔ ነጥብ 91 ነው፤ የባርሴሎናዋ አሌክሲያ ፑቴያስ ነጥብም 91 ነው። ልጄ ፑቴያስን አማካይ ቦታ አሰልፏት አየሁ። «ሴት አሰለፍክ?» ብለው «ጎበዝ ናት እኮ» አለኝና ጨዋታውን ቀጠለ። እህቶቼ፣ ይህችን አጭር መልስ ቀላል አድርጋችሁ አትዩአት። እኔ በር ላይ በቆምኩበት ዘመን አንድም ወንድ ልጅ ስለ አንዲት ሴት ተጫዋች እንዲህ ሲል አልሰማሁም።

ትንሿ ግን አንድ ነገር ጎድሎባታል። «ሎዛ አበራ የት አለች?» ብላ ፈለገች፤ አጣቻት። ሉሲዎቹም የሉም። በሩ ተከፈተ እንጂ ገና ሁሉም አልገባም።

እስከዚህ ድረስ አዲሱ ከአሮጌው በልጧል። አሁን ወደ ፓኩ ልመለስ።

አሮጌው ፊፋ 2005 አንድ ጊዜ ተገዝቶ አለቀ። ሲዲው ውስጥ ያለው ሁሉ ያንተ ነው፤ ሄንሪን ከፈለግክ አርሰናልን ትመርጣለህ። ባለሙያ የሆነ ያሸንፋል፣ ያልሆነ ይሸነፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን «አልቲሜት ቲም» የሚባል ክፍል ከፊፋ 09 ጋር ተጨመረ። በዚህ ክፍል ልጁ የራሱን ቡድን የሚሠራው በካርድ መልክ በሚያገኛቸው ተጫዋቾች ነው። ካርዶቹ የሚገኙት ከታሸገ ፓክ ውስጥ ነው። ፓኩን ብዙ በመጫወት በሚጠራቀም ሳንቲም መክፈት ይቻላል፤ በእውነተኛ ገንዘብ በተገዛ ነጥብም ይቻላል። ትዕግሥት የሌለው ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ለእናት አይነገርም። ፓኩ ሲከፈት መብራት ይበራል፣ ርችት ይተኮሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የማይፈለግ ወይም ቀድሞ ያለው ተጫዋች ነው። የዕድሉ መጠን በስክሪኑ ላይ ተጽፏል፤ ልጄን ፈልጎ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ለምርጦቹ «ከ1 በመቶ በታች» ይላል። «ይህን አንብበኸው ታውቃለህ?» አልኩት። አላነበበውም።

ይህ ነገር ቁማር ነው ወይስ አይደለም? በዚህ ላይ አገሮችም አልተስማሙም። የቤልጂግ የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ቁማር ነው ስላለ፣ ኩባንያው በ2019 መጀመሪያ ላይ በዚያ አገር ነጥብ መሸጥ አቆመ። በሆላንድ በኩባንያው ላይ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተጥሎበት ነበር፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግን በ2022 ቅጣቱን ሽሮታል። ኩባንያውም ቁማር አይደለም ብሎ ይከራከራል። ገቢው ግን ትንሽ አይደለም፤ በ2021 የበጀት ዓመት ኩባንያው በስፖርት ጨዋታዎቹ ውስጥ ካሉት ከእነዚህ ክፍሎች ብቻ 1.62 ቢሊዮን ዶላር አግኝቷል።

ስለ አሮጌው ዘመን ደግሞ እውነቱን እንናገር። «የተሸነፈ ይክፈል» የሚለው የፕሌይ ስቴሽን ቤቱ ሕግም ፍጹም ንጹሕ አልነበረም። ለዳቦ የተሰጠ ሳንቲም እዚያ የቀረበት ቀን ነበር። ነገር ግን ወንድሜ ሲከፍል ለምን እንደከፈለ ያውቃል፤ ያሸነፈውም ልጅ አጠገቡ ተቀምጧል። ኪሱ ባዶ ሲሆን ጨዋታው ያበቃል። አዲሱ ግን ሱቁን ሳሎናችን ድረስ አምጥቶታል፤ ሱቁም አይዘጋም። የሚጋጠሙትም በአብዛኛው በኢንተርኔት በኩል ከማያዩት ሰው ጋር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ የወሰንኩትን ላካፍላችሁ፤ ለእናንተም ይሆን እንደሆነ እዩት።

አንደኛ፣ ማሽኑን መቆለፍ መፍትሔ አልሆነኝም። ሰፈር ያለው ፕሌይ ስቴሽን ቤት ክፍት ነው፤ ልጁ ከፊታችን ዞር ይላል እንጂ አይተወውም። ሁለተኛ፣ በፕሌይ ስቴሽን 4 ላይ ለልጅ የተለየ የልጅ መለያ ይከፈትለታል። ወላጅ በራሱ መለያ ሆኖ ልጁ በወር የሚያወጣውን ገንዘብ ዜሮ ማድረግ፣ የጨዋታውንም ሰዓት መወሰን ይችላል። ይህን ማድረግ ለማይችሉ ጎረቤታቸው ያለ ወጣት ያግዛቸዋል፤ ለእኔም ያገዘኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። የወላጅን የካርድ ቁጥር ማሽኑ ላይ ትቶ መሄድ ግን ቦርሳን በር ላይ ጥሎ እንደመሄድ ነው። ሦስተኛ፣ ውጭ አገር ላሉ አጎቶችና አክስቶች ጉዳዩን እናስረዳ። «ለልጁ ደስ ይበለው» ብለው የሚልኩት ካርድ ምን ላይ እንደሚውል አብዛኞቹ አያውቁም። ወንድሜም አላወቀም ነበር። «እኛ ስንጫወት እንዲህ ያለ ነገር መቼ ነበር?» ነው ያለኝ።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ አጠገባቸው መቀመጥ ነው። ልጄን «አይገዛም» ከማለት ይልቅ አብረን ሒሳብ ሠራን። ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ከሆነ አንድ ምርጥ ተጫዋች ለማግኘት ስንት ፓክ ሊያስፈልግ እንደሚችል በደብተሩ ላይ ጻፈው። ወደ ብር ሲለውጠው ዝም አለ። በማግስቱ ነገሩን ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ከማድ ቤት ሰማሁት። ፓክ አያምረውም አልላችሁም፤ ልጅ ነውና ያምረዋል። ግን አሁን የሚያምረው ምን እንደሆነ ያውቃል።

በቤታችን ዛሬ የሚጫወቱት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ሁለት ሆነው፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ በተራ። ከእናቴ ቤት ይህን የአሮጌውን ጨዋታ ወግ ወደ አዲሱ አመጣነው።

ባለፈው እሑድ ሳህን አጥቤ እጄን እየጠረግኩ የሳሎኑ በር ላይ ቆሜ ሳያቸው ትንሿ ልጄ ዞር አለችና «እማዬ፣ ለምን ቆመሽ ታያለሽ? ነይ፣ ያንቺ ተራ ነው» ብላ ጆይስቲኩን ሰጠችኝ። ተቀመጥኩ። 5 ለ 0 ተሸነፍኩ።