የማሪዮ ሪዝ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ጐረምሳ ለአሻንጉሊት ቀለም ሲቀባ ብታይ አትሣቅብኝ።

ለትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ማሳያ ቀን ማሪዮን መረጥሁ። ማሪዮ፥ ታላቅ ወንድሜ ከቆቦ ገበያ ባመጣው በቴሌቪዥን የሚጫወቱት ጌም ውስጥ እየዘለለ የሚሮጠው ባለ ቀይ ቆብ ሰው ነው። ወንድሜ ሮቢትን ለቅቆ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በስልክ ድምፁን እንሰማለን እንጂ ፊቱን አናይም።

ምስሉን ጣት በሚያህል ቁመት ከእንጨት ጠረብሁት። በመጀመሪያ ቀለሙን ሳላቀጥን ብቀባው ዓይኑና አፍንጫው ተደፈነ። በምላጭ ፍቄ እንደ ገና ጀመርሁ፤ አስቀድሜ ነጩን፥ እሱ ሲደርቅ ቀዩንና ሰማያዊውን በውሃ እያቀጠንሁ ደረብሁበት።

ሪዙ ላይ ስደርስ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ማሪዮን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ለጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ የፈጠረው ሺገሩ ሚያሞቶ ሪዝ ያበጀለት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የዚያን ጊዜው መሣሪያ ምስል የሚሠራው በጥቂት ነጥቦች ስለ ነበረ አፍ መሣል ቢያስቸግረው ሪዝ፥ ጠጕር ቢያስቸግረው ቆብ አደረገለት። ዓለም የሚያውቀው መልክ ከማጣት ተገኘ። እኔም ከወንድሜ ፊት አጥርቼ የማስታውሰው ገና ያቀመቀመውን ሪዙን ነው።

ምስሉን በሣጥን ውስጥ ባበጀሁት የማሽላ እርሻ፥ ሁለታችን ወፍ እንጠብቅበት በነበረው ዓይነት ማማ ላይ አቆምሁት። ጌሙን የማታውቀው እናቴ አይታ ዝም አለች፤ ቈይታም «ይህስ ልጄን ይመስላል» አለች።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ያላችሁ ጥቂት ነው ብላችሁ ሥራችሁን አትተዉ። በጥቂቱም የተሠራ መልክ ለሚወደው ሰው ይታወቃል።